ሊቀ ጭረትና ሁለቱ አማቶቼ

የፈለጋችሁትን መሥሪያ ቤት በር አንኳኩ፤ ውስጡ ሁለት ነገር አይታጣም። አንዱ ወረቀት የሚያኝክ ማተሚያ ማሽን ነው፤ ሌላው ጭረት የሚቆጥር ሰው። ማተሚያው ይዋል ይደር እንጂ ይጠገናል። ጭረት ቆጣሪው ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እንደዚያው ነው። ደብዳቤ ጽፋችሁ ብታሳዩት ምን ለማለት እንደፈለጋችሁ አያነብም፤ አራት ነጥባችሁ ከመጨረሻው ቃል ስንት እንደራቀ ነው የሚለካው። የሐዘን ማስታወቂያ ቢለጠፍ እንኳ «ነፍስ ይማር» ከማለቱ በፊት «እዚህ ጋ ክፍት ቦታው ሁለት ጊዜ ተመቷል» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ዓመቱን ሙሉ ስታሙት ትከርማላችሁ፤ አንድ ቀን ግን ትፈልጉታላችሁ፤ የሚያናድደውም ያ ቀን ነው።

የእኛው በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል። እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው፤ መታወቂያቸው ላይ ካልሆነ በቀር ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው የለም። ሊቀ ጭረት ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ፊት ለፊት «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ ዞር ሲሉ ወደ ማዕረጋቸው እመለሳለሁ። አንድ ቀን «ክቡር ሊቀ ጭረት» ብዬ በትልልቁ ጽፌ ሳሾፍ ከኋላዬ ደረሱብኝ። ወረቀቱን አነሱና ትክ ብለው አዩት፤ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ፊደሎቹ ልክ ናቸው» አሉና መለሱልኝ።

ክፍላችን ጠባብ ነው። ሕመምተኞች ስማቸውን የሚያቀብሉባት አንዲት መስኮት፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ከጥግ ደግሞ በመስታወት የተከለለች የአለቃችን ቢሮ አለች። ግድግዳውን ዙሪያ የያዙት የብረት መደርደሪያዎች ባዷቸውን ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት የወረቀት ካርዶቹ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ገቡ፤ ወረቀቶቹ ተጭነው ሄዱ። ያስገባናቸው እኔና ሊቀ ጭረት ነን፤ ግማሹን እሳቸው፣ ግማሹን እኔ። ፕሮግራሙ ስም የሚቀበለው በላቲን ፊደል ብቻ ነው። እዚህ የሚታከመው ሰው ደግሞ ከየአገሩ የተሰባሰበ ስለሆነ ስሙ ራቁቱን አይመጣም። አናቱ ላይ ጭረት የተጋደመበት አለ፤ ቆብ የደፋ አለ፤ ሁለት ነጥብ የተሸከመ፣ ከሥሩ ጭራ ያበቀለ፣ ላዩ ላይ ትል የሚሄድበት የሚመስልም አለ። ለእኔ ይሄ ሁሉ ጌጥ ነበር። ለሊቀ ጭረት ግን ከስም ላይ ጭረት መጣል የባለቤቱን ጣት እንደመቁረጥ ነው።

የሥራ መሣሪያቸውን ልንገራችሁ። አንገታቸው ላይ በጥቁር ክር የተንጠለጠለ ማጉያ መነጽር አለ፤ ኪሳቸው ውስጥ አጭር ማስመሪያና ጫፉ መርፌ የሆነ እርሳስ አለ። ጠዋት እንደገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው ስክሪናቸውን በለስላሳ ጨርቅ መወልወል ነው። ንጽሕና ወደው እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጊዜ ዝንብ የተወችው ጠብታ የአንድ ሕመምተኛ ስም ላይ ነጥብ ሆኖ ሊመዘገብ ምንም አልቀረውም ነበር። የሚናገሩትም ሁለት ነገር ነው። ወሬ ሲጀምሩ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ሲጨርሱ ደግሞ «ዓይን ይዋሻል፤ ቁጥር አይዋሽም» ይላሉ። በመካከሉ ያለው አርባ ደቂቃ ይወስዳል።

አንድ የውጭ አገር ሐኪማችን ሲሰናበት ኬክ ታዘዘ፤ ላዩ ላይ ስሙ በነጭ ክሬም ተጽፏል። ቢላዋው ተነሥቷል፤ ሳህኖቹ ተደርድረዋል፤ የሁላችንም ምራቅ ሞልቷል። «አንዴ» አሉ ሊቀ ጭረት። ከሐኪሙ ስም አንዷ ፊደል ላይ መኖር የነበረባቸው ሁለት ነጥቦች የሉም። አለቃችን ወዲያው ሊበላ አይደል ወይ ብትላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ሄደው ከሻይ ክፍሉ ሁለት ዘቢብ አመጡ፤ በማስመሪያቸው ለክተው እኩል አስቀመጧቸው። ሐኪሙ አየና አቀፋቸው። በዚህ አገር በኖረባቸው አራት ዓመታት ስሙን በትክክል የጻፈለት ያ ኬክ ብቻ እንደሆነ ነገረን። እኔ የደረሰኝ ቁራጭ ዘቢብ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ቂም ይዤ ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የአለቃችን ጉድ መጣ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ገና ተማሪ ሳለች፣ አባቷ ከመሞታቸው በፊት የሕይወት ታሪካቸውን እየነገሯት በአማርኛ ተይባው ነበር። ለወንድሞቿ ልትልከው ከፈተችው፤ አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ገጹ ሙሉ በላቲን ፊደል ተወሯል፤ ያውም ባለ ቆቡ፣ ባለ ጭረቱ፣ ባለ ነጥቡ፣ ሰልፍ የወጣ ይመስል። ሁላችንም ቫይረስ ነው አልን፤ አንዱ የጽዳት ሠራተኛማ ምቀኛ ነው አለ። ሊቀ ጭረት ማጉያቸውን አውጥተው አንድ መስመር ቆዩበት።

«አልጠፋም» አሏት። «ልብሱ ወልቆ ነው።»

ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። ማሽን ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር አለው፤ መልኩን የምናየው እኛ ነን። በዚያ ዘመን ለእኛ ፊደል የራሱ ቁጥር በቅጡ ስላልተዳረሰው፣ ሰዎች የእነዚያን የባለ ቆቦቹን ቁጥር ተውሰው በላዩ ላይ የእኛን ፊደል መልክ ያለብሱት ነበር። ልብሱ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት አማርኛ ነው፤ ልብሱ የሌለበት ላይ ስትከፍቱት ባለቤቶቹ ብቅ ይላሉ። በማግስቱ ከቤታቸው አንድ የተቧጨረ ሲዲ አመጡና ያን ልብስ ጫኑት። የአለቃችን አባት ከነቀልዳቸው፣ ከነወታደርነታቸው ስክሪኑ ላይ ተመለሱ። አለቃችን አለቀሰች። ሊቀ ጭረት ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ እንደጎደለ ነገሯት።

እኔም ያን ቀን ነገሩ ትንሽ ደንቆኝ ነበር። ቁጥር ለብሶ የሚዞር ፊደል! ግን መስኮቱ ላይ ሰው ተሰለፈና ረሳሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካርዶቹን አስገብተን በጨረስን በዓመቱ አካባቢ ሊቀ ጭረትን አንድ ነገር ከነከናቸው። ሃያ ዓመት በዚች መስኮት የተመላለሱ ሰዎች ስማቸው ሲጻፍ ማሽኑ «አልተገኘም» ይላል። እኛም ፕሮግራሙ ዘሏቸው ይሆናል ብለን አዲስ ካርድ እናወጣላቸዋለን፤ ሕይወት ይቀጥላል። እሳቸው ግን እህል ውሃ አላሰኛቸውም። «ሰው እንዴት በስተርጅና አዲስ ይሆናል?» እያሉ ለሁለት ሳምንት ከራሳቸው ጋር አወሩ። ከዚያ ሰበሰቡንና አርባ ደቂቃቸውን አወሩን። ባለ ጭረት ፊደል ማሽኑ ውስጥ በሁለት መንገድ ሊቀመጥ ይችላል፤ ወይ ፊደሉና ጭረቱ አንድ ላይ ተጋግረው አንድ ቁጥር ይሆናሉ፤ ወይ ራቁቱ ፊደል በራሱ ቁጥር ይመጣና ጭረቷ ከኋላው በራሷ ቁጥር ትከተላለች። ስክሪን ላይ ሁለቱ አይለያዩም። ማሽኑ ግን ቁጥር እንጂ መልክ ስለማያይ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ይላል።

አለቃችን አፍንጫዋን ስክሪኑ ላይ ደቅና ሁለቱን አየች። «እኔ የሚታየኝ አንድ ነው» አለች። ለኮምፒውተር ክፍሉ ሦስት ደብዳቤ ተጻፈ፤ ሦስቱም «ልዩነት አልታየም» ተብለው ተመለሱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሊቀ ጭረት ደንብ አርቅቀው ለያንዳንዳችን አደሉን። ደንብ ቁጥር ሰባት «ጭረት ከፊደሏ ጋር አንድ ሆና ትጻፍ፤ ለየብቻ አትለጠፍ» ይላል። እኔ ልሙጡ ወረቀት የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ይሆናል ብዬ ዘረጋሁት፤ ሆነም። ያ ሁሉ አልበቃኝም፤ ምላሴ መቼ ያርፋል! «ጋሼ፣» አልኳቸው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ለመሆኑ በጭረት የሞተ ሰው አለ?»

ትንሽ አሰቡ። «እስካሁን አላጋጠመኝም» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳቸውን ከእኛ ጋር መብላት ተዉ። እኛ ወደ ካፍቴሪያው ስንወርድ እሳቸው የምሳ ዕቃቸውን ጠረጴዛቸው ላይ ከፍተው ማሽኑ ላይ እንዳፈጠጡ ይቀራሉ። ሰው ሹካውን አጣሞ ሲያስቀምጥ ማየት ስለማይችሉ ነው ብዬ ወሬውን ነዛሁት፤ ሁሉም አመነኝ።

ከዚያ አማቴ ታመሙ።

የአማቴ አባት ድልድይ ሊሠራ ከሩቅ አገር መጥቶ እዚሁ የቀረ መሐንዲስ ነበር፤ ለልጁ የእናቱን ስም አወጣላት። ስሙ በ«አር» ይጀምራል፤ ሁለተኛዋ ፊደል አናቷ ላይ ወደ ቀኝ ያዘነበለች፣ የተነሣች ቅንድብ የመሰለች ጭረት አለች። አማቴ ለዚች ጭረት ያላቸው ፍቅር ለእኔ ካላቸው ይበልጣል። ልጃቸውን ሳገባ የሠርግ ጥሪው ላይ ጭረቷ ቀርታ ነበርና «ይቺ የተጠራችው ሴትዮ ማን ናት?» ብለው ሊቀሩ ምንም አልቀራቸው። ባሌ እያንዳንዱ ጥሪ ላይ በእስክሪብቶ አስገባት።

የሐሞት ጠጠር ነበረባቸው። እያመመ እየተወ ሲቆይ አንድ ሰሞን ትኩሳት መጣና ድንገተኛ ክፍል ገቡ፤ በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ከዚህ በላይ ማቆየት አይቻልም፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ብሎ ወሰነ። ችግሩ ሌላ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እዚሁ እኛው ሆስፒታል የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ከተሰጧቸው መድኃኒቶች አንዱ አልተስማማቸውም ነበር። ትንፋሻቸው ቆሞ በስንት መከራ ተመለሱ። መድኃኒቱ የቱ እንደሆነ የተጻፈው የድሮ ካርዳቸው ላይ ነው። እሳቸውን ስንጠይቃቸው «ነጭ ነው፤ በክንድ የሚገባ» አሉን። ያኔ ያከሟቸው ሐኪሞች በየአገሩ ተበትነዋል።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማደንዘዣ ባለሙያዋ ራሷ መስኮቱ ጋ መጣች። ካርዱን ፈልጊልኝ አለችኝ። ምን ችግር አለ ብዬ ስማቸውን ከነጭረቱ ጻፍኩ። አንድ ካርድ ወጣ፤ ድንገተኛ ክፍሉ ከሦስት ቀን በፊት ያወጣው አዲስ ካርድ። ያለፈ ሕመም፣ የለም። የማይስማማ መድኃኒት፣ የለም። የሰባ አንድ ዓመቷን አማቴን ማሽኑ የሦስት ቀን ሕፃን አድርጓቸዋል። ጭረቷን አውጥቼ ጻፍኩ፤ አልተገኘም። የአባታቸውን ስም አስቀድሜ ጻፍኩ፤ አልተገኘም። ፕሮግራሙ ወይ ሙሉ ስም ወይ የካርድ ቁጥር ካልሰጡት ንቅንቅ አይልም፤ የካርድ ቁጥራቸው የተጻፈባት ወረቀት ደግሞ ከድሮ ቦርሳቸው ጋር ጠፍታለች።

ባለሙያዋ ሳትቆጣ ነው የተናገረችው። «ያለ ካርዱ በጭፍን ነው የምገባው። ላዘግየው ብል ደግሞ ኢንፌክሽኑ አይጠብቀኝም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈልጊልኝ።»

ሄደች። ባሌ ይደውላል፤ ላነሣው አልቻልኩም። ዳግመኛ ስማቸውን ጻፍኩ፤ ያው አዲሱ ካርድ። ብርጭቆዬን ለማንሣት እጄን ስዘረጋ ከሥሩ ደንብ ቁጥር ሰባት በሻይ ክብ ተከቦ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «በጭረት የሞተ ሰው አለ?» ያልኩት ትዝ አለኝ። ቀና ስል ሊቀ ጭረት ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ሁሉንም ሰምተዋል፤ ቀና አላሉም።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጠረጴዛቸው ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እባክዎ» ብቻ ነው ያልኩት። «ነገርን ከሥሩ» እስኪሉኝ ጠበቅሁ፤ አላሉም። ተነሡ፣ ወደ እኔ ወንበር መጡ፣ ተቀመጡ፣ ስክሪኔን በጨርቃቸው ወለወሉት።

«ያኔ ካርዶቹን ስታስገቢ፣» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቺን ጭረት እንዴት ነበር የምትጽፊያት?»

እንዴት ነበር? ያኔ ኪቦርዴ ላይ ባለ ጭረቱን ፊደል የሚያወጣው ቁልፍ ተሰብሮ ነበር። አዲስ እስኪመጣ አልጠበቅሁም፤ ብልጥ ነኝ ባይ አይደለሁ? ጭረቷን ብቻዋን ከአንድ ገጽ ላይ ቀዳኋት። ከዚያ በየስሙ ራቁቱን ፊደል እጽፍና እሷን ከኋላው እለጥፋለሁ፤ ማሽኑ ራሱ አንሥቶ አናቱ ላይ ያስቀምጣታል። በጣም ነበር የሚያምረው። በዚህ ዘዴ ከሊቀ ጭረት ሁለት እጥፍ ፈጥኜ ግማሼን ጨረስኩና የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱ በፍሬም ሆኖ ከራስጌዬ ተሰቅሏል። አሁን የምሠራበት ኪቦርድ ደግሞ ቁልፉ ደህና ነው፤ የሚያወጣው የተጋገረውን ነው። ስማቸውን በዚህ ስፈልግ የምፈልገው ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ አልጠየቁም። «አር»ን ጻፉ። ራቁቱን ፊደል ጻፉ። ጭረቷን ብቻዋን ከራሳቸው ማሽን አመጡና ከኋላው አስገቧት፤ ዘላ አናቱ ላይ ተቀመጠች። የቀረውን ጻፉና ቁልፉን ተጫኑት።

አማቴ መጡ። የእንቅርቱ ቀዶ ሕክምና፣ የደም ዓይነታቸው፣ የድሮ አድራሻቸው፣ ሁሉም። ከሥሩ በቀይ የመድኃኒቱ ስም፤ ከጎኑ «ፈጽሞ እንዳይሰጥ» ይላል። ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ የደወሉት ሊቀ ጭረት ናቸው። የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል ሦስት ጊዜ ነገሯቸው፤ መልሰው እንዲያነቡላቸውም አደረጉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ ጨርሱ አላልኳቸውም። ባለሙያዋ ነገ ልትሰጣቸው ካዘጋጀቻቸው መድኃኒቶች ውስጥ ሁለተኛው እሱ እንደነበር ነገረችን።

ወንበሬ ላይ ዘፍ ብዬ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ የማላውቀው ነገር ያዘኝ፤ ማወቅ አማረኝ። ሁለቱ ካርዶች ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ማሽኑ ሁለት አማት አስቆጥሮኛል፤ አንዷም በቂ ነበሩ። ስሞቹን ዓይኔን አጥብቤ፣ ራሴን አዘንብዬ አየኋቸው። ልዩነት የለም። እስቲ ያሳዩኝ አልኳቸው። ፊታቸው እንዴት እንደበራ! አሥራ አንድ ዓመት ይቺን ጥያቄ ሲጠብቁ የነበሩ ይመስሉ ነበር።

ሁለቱን ስሞች ባዶ ገጽ ላይ ቀዱና ጠቋሚዋን ከባለ ጭረቱ ፊደል ኋላ አቆሙልኝ። «ማጥፊያዋን አንድ ጊዜ ተጫኚ» አሉኝ። የአዲሱ ካርድ ስም ላይ ተጫንኩ፤ ፊደሉ ከነጭረቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። የድሮው ላይ ተጫንኩ፤ ጭረቷ ብቻ ወደቀችና ፊደሉ ራቁቱን ቀረ። አፌን ያዝኩ። ከዚያ ቁጥሮቹን ጻፉልኝ። የተጋገረው ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት ነው። የተለጣጠፈው ደግሞ መቶ አንድና ሰባት መቶ ስልሳ ዘጠኝ፤ ፊደሉ መቶ አንድ፣ ጭረቷ ሰባት መቶ ስልሳ ዘጠኝ። አንዲት ጭረት ለብቻዋ ቁጥር አላት! ቤት የሌላት ተቅበዝባዥ ናት፤ ከፊቷ ያገኘችው ፊደል ላይ ወጥታ ትቀመጣለች።

«የእኛስ?» አልኳቸው። «ሉ ማለት ለ ከነመቀጠያው አይደለም እንዴ? መቀጠያውም ለብቻው ቁጥር አለው?»

የለውም። ለ አራት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ስድስት ነው፤ ሉ አሥራ ሰባት፤ ሊ አሥራ ስምንት፤ እንዲህ እያለ ወንድማማቾቹ በተርታ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ከነእጁ ከነእግሩ ተወልዶ የራሱ ወንበር አለው። ሁለት ቁልፍ ነክተን ነው ሉን የምናወጣው፤ የሚገባው ግን አንድ ነው። የእነሱ ደግሞ አንድ መስሎ ሁለት ይሆናል። ለምን ሁለት መንገድ እንደኖራቸው ጠየቅሁ። አንደኛው መንገድ ቀድሞ ነበር፤ ሁለተኛው የመጣው ለሁሉም ፊደል ከሁሉም ጭረት ጋር ወንበር ማዘጋጀት ስለማያልቅ ነው፤ የቀድሞውን እንዳይጥሉት ደግሞ ብዙ ሰው ጽፎበታል። ስለዚህ ሁለቱም ቀሩ። እንደ ቤተሰብ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አሮጌው ሶፋ አይጣልም፣ አዲሱም ተገዝቷል፣ ሰው እንቅፋት ይመታዋል። ጥያቄዬ አላልቅ አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አለቃችን ቢሮዋን ቆልፋ ስትወጣ እኔና ሊቀ ጭረትን ራስ ለራስ ገጥመን አየችን፤ ታመማችሁ ወይ አለችን።

አማቴ በሰላም ወጡ። በሦስተኛው ቀን ሊቀ ጭረት ሊጠይቋቸው መጡ። አበባ አልያዙም፤ ብርቱካንም አልያዙም። «እግዜር ይማርዎ» አሉና አንገታቸው ላይ ያለውን ማጉያ አንሥተው በቀጥታ የአልጋው ራስጌ ላይ የተለጠፈውን ስም ማንበብ ጀመሩ። ጭረቷ የለችም። ከኪሳቸው ያችን መርፌ እርሳስ አወጡና በጥንቃቄ ሠሩላቸው፤ ራቅ ብለው አዩ፤ ትንሽ አወፈሯት። አማቴ አንገታቸውን ቀና አድርገው ስማቸውን አነበቡ።

«አሁን ገና እኔ ነኝ» አሉ።

ሊቀ ጭረት ሲሄዱ አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ ነው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እቤት እየመጣሽ ስታፌዢበት የኖርሽው አሉኝ። ኩምሽሽ አልኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ግን የካርዱ መጥፋት ላይ ሪፖርት ተጠየቀ። ጽፈው ያስገቡት ሊቀ ጭረት ናቸው። እኔ ዛሬ እጠራለሁ፣ ነገ እጠራለሁ እያልኩ አንድ ሳምንት እህል አልበላልህ አለኝ። በመጨረሻ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልናገር ብዬ የአለቃችንን በር አንኳኳሁ። ገና አፌን ስከፍት «እሱማ አልቋል» አለችና ከሪፖርቱ ጋር የገባ አንድ ወፍራም የመዝገብ ደብተር ወደ እኔ ገፋችው። የሊቀ ጭረት ጽሕፈት ነው፤ እያንዳንዱ መስመር በማስመሪያ የተሰመረ። ርእሱ «በምሳ ሰዓት የተስተካከሉ» ይላል።

ቆሜ ገለጥኩት። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየምሳ ሰዓቱ፣ ከኮምፒውተር ክፍሉ ለየፊደሉ እየለመኑ ባገኙት የካርድ ቁጥር ዝርዝር፣ ከ«ኤ» ጀምረው እያንዳንዱን ካርድ እየከፈቱ፣ የተለጠፈችዋን ጭረት እያነሡ የተጋገረውን ሲተኩ ኖረዋል። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስም። የደረሱት «ኤን» ላይ ነው፤ በሚሄዱበት አካሄድ «አር» ጋ ለመድረስ አንድ ወር እንኳ አይቀራቸውም ነበር። ሹካ ሲጣመም ማየት አይችሉም ብዬ ያወራሁት በዚያ ሰዓት ነው።

ሌላም ነገር አለ። እያንዳንዱ ካርድ ግርጌ ያስገባው ሠራተኛ ስም ይታያል። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ የእኔን ስም አይተዋል። መዝገቡ ላይ «የስህተቱ ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ገጽ በገጽ፣ በዚያ ባማረ ጽሕፈታቸው የተሞላው በአንድ ቃል ነው። «ማሽኑ። ማሽኑ። ማሽኑ።» ሪፖርቱም ላይ የተጻፈው ያው ነው። ጭረቷን እንዴት ትጽፊያት ነበር ብለው የጠየቁኝ ጠፍቷቸው አልነበረም።

የኮምፒውተር ክፍሉ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ሊያስተካክል ሰኞ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል፤ የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልነገሩንም። እኔም ለአለቃችን የነበረውን ሁሉ ነገርኳት፤ የምስጋና ወረቀቴንም ከነፍሬሙ አወረድኩት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ ካፍቴሪያው ወረደ። ሊቀ ጭረት የምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። ደብተሩን ይዤ ጠረጴዛቸው ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ መዝገብ ስህተት አለበት።»

ቅንድባቸው ወደ ግንባራቸው ወጣ። ለእሳቸው ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። «የቱ ጋ?»

«ምክንያቱ ላይ። ማሽኑ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ።»

ደብተሩን ተቀበሉኝ። ማጉያቸውን ከአንገታቸው አነሡ፤ በክፍሉ ውስጥ የዝንብ ጠብታ ከነጥብ የሚለዩት እኚሁ ሰው ዓምዱን ከላይ ጀምረው ቀስ እያሉ እስከ ታች ወረዱበት። ገጹን ገለጡ፤ እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«ዓይን ይዋሻል» አሉ በመጨረሻ፣ ደብተሩን እየዘጉ። «እኔ ምንም አይታየኝም።»

ወንበሬን ወደ ጠረጴዛቸው ሳብኩ። «ኦ» ላይ ነበርን።